በአውቶቡስ ቦዲ ውስጥ የከረምንበት ክረምት

በ1960 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያንን ዓመት የሚያስታውሰኝ ወረቀት የለኝም፤ የሚያስታውሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ወር የሰፈራችንን መንገድ ሊጠግኑ የመጡ ሰዎች ከደጃችን በርሜል ጥደው ሬንጅ ሲያፈሉ፣ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ሽታው ሽቅብ ሲመጣብኝ፣ ጉሮሮዬን በርበሬ ከነከነኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። የልጄ ሚስት «አባባ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ። በርበሬ ነው ብላት ሰውዬው አረጀ ትላለች ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። በቤቱም በደጁም በርበሬ አልነበረማ። ለእኔ ግን ሬንጅ ያለ በርበሬ አይሸትም፤ ለምን እንደሆነ ከመነሻው ልንገራችሁ።

አባቴ ሁሴን በርበሬ በረንዳ ውስጥ ዛላ በርበሬ በጆንያ የሚሸጥ ሰው ነበር። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ መርካቶ ያደገ ይሁን እንጂ፣ አባቱ በአገሩ ስሙ የተጠራ የሣር ቤት ሠሪ ስለነበር፣ ስለ ጣራ ሲወራ ማንንም አያስቀድምም ነበር። እኛ ግን ምን ጣራ ነበረን! ከበረንዳው ጀርባ በተከራየናት አንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እናቴ ረዲያ ድስቱንም ሳፋውንም ከጠብታው ሥር ደርድራ፣ ሲሞላ እያፈሰሰች፣ መልሳ እየደረደረች ትከርም ነበር። ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ወለደች፤ ሁለቱንም ክረምት ላይ፣ ደረታቸው ሲር ሲር እያለ፣ አርባ ቀን ሳይሞላቸው ቀበርናቸው። ሁለተኛውን ቀብሮ ሲመለስ አባቴ ጭቃ የነካውን እግሩን ሳይታጠብ ደፉ ላይ ቆሞ ጣራውን ሲያይ ቆየና፣ «ወላሂ፣ ከእንግዲህ የሚወለድልኝን ልጅ አንዲት ጠብታ ዝናብ አይነካውም» አለ። አባቴ ወላሂ የሚለውን ቃል እንደ ነጋዴ በየሸቀጡ ላይ የሚበትን ሰው አልነበረም።

ግንቦት ላይ እናቴ የሰባት ወር እርጉዝ ሳለች ባለቤቲቱ ቤቷን አፍርሳ ልትሠራ ነው ብላ አስወጣችን። ያኔ ነው አባቴ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ጋራዥ ካለው ከባትላሜራው ከጋሽ ተካ የአሮጌ አውቶቡስ ቦዲ የገዛው። ጋሽ ተካ የተጨረማመተ ላሜራ በመዶሻ ሲያቃና የሚውል፣ ጆሮው ከመዶሻው ብዛት የደነቆረ፣ ሲያወራ የሚጮህ ሰው ነበር። አውቶቡሱ ሞተሩ ወጥቶ፣ ጎማው ተፈትቶ፣ ወንበሩ ተነቅሎ፣ ሆዱ እንደተዘረገፈ ዓሣ ባዶ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ተካ ዙሪያውን እያስጎበኘ አባቴን ከውስጥ አስገባውና፣ ጣራው መሃል ላይ ወደ ላይ የምትገፋ፣ የሳፋ ክዳን የምታህል መዝጊያ አሳየው።

«ሁሴን፣ ሌላውን እንዳሻህ፤ ይቺን አፍንጫውን ግን አደራ እንዳትነካበት! ላሜራ ካልተነፈሰ ያልባል!»

አባቴ ሳቀ። «ተካ፣ እኔ የቤት ሠሪ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ጣራው ላይ ቀዳዳ ያለው ቤት ሰነፍ የሠራው ቤት ነው።»

«ያገርህ ቤት ሣር ነው፣ አንተ ሰው!»

«ያንተ ደግሞ ገና ቤት አልሆነም።»

እንዲህ ተባብለው፣ ተሳስቀው ተለያዩ። ቦዲውን ኩሊዎች ከሥሩ ግንድ እያስገቡ፣ እየዘፈኑ፣ እየተሳደቡ፣ ገበያውን ለሁለት ከፍለው እየገፉ አምጥተው፣ አባቴ ጆንያ የሚያስቀምጥበት ግቢ ውስጥ በድንጋይ ላይ አስቀመጡልን። የሰፈሩ ሴቶች በዚያ ሲያልፉ እናቴን «ረዲያ፣ ታርጋሽ ስንት ነው?» ይሏት ነበር፤ ልጆቹም እኔን «የት ነው የሚሄደው? አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። እናቴ ትስቅ ነበር። እኔ እደባደብ ነበር።

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ቦዲው እንደ ወንፊት አፈሰሰ። የድሮው ባለቤት ዕቃ የሚጭንበትን ፖርቶመጋላ ሲነቅል ብሎኑ የወጣበትን ቀዳዳ እንዳለ ትቶት ኖሯል፤ መገጣጠሚያውንም ዝገት በልቶታል። አባቴ አልደነገጠም። ዝናቡ ባባራ ቀን በሩንና መስኮቱን ሁሉ በጆንያ ጋርዶ ውስጡን ድቅድቅ ጨለማ አደረገና፣ ከጣራው የሚገባውን የብርሃን ነጥብ እየፈለገ፣ ከእናቴ የስፌት ስንደዶ አንዳንድ እየመዘዘ በየቀዳዳው ወደ ላይ ሰካ። ጣራው የሚችለው እንደኔ ያለ ቀላል ሰው ስለነበር የምወጣው እኔ ነበርኩ፤ ስወጣ ላሜራው ላይ ስንደዶ በቅሎ፣ ገና ጢም እንደሚያበቅል ጎረምሳ አገጭ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብሎ አየሁት። አባቴ ከሥር ሆኖ «አጥንቱን እየረገጥክ ሂድ! ሆዱን እንዳትረግጥ!» እያለ ይጮህ ነበር፤ አጥንት የሚለው ከላሜራው ሥር ያለውን ብረት ነው። እኔም አጥንቱን እየረገጥኩ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቄ፣ በናፍጣ ጠርጌ፣ የተቀደደ ጆንያ በፈላ ሬንጅ እየነከርኩ ስንደዶ ባየሁበት ሁሉ እለጥፍ ነበር።

ጆንያው የበርበሬ ጆንያ መሆኑን ማናችንም አላሰብነውም። ትኩሱ ሬንጅ ሲነካው በሽመናው ውስጥ የቀረው በርበሬ ነደደና ግቢውን ሙሉ ሰው አስነጠሰ፤ ከማዶ አንዱ ኩሊ እየሳለ፣ «ሁሴን! ጣራ ነው የምትደፍነው ወይስ ወጥ ነው የምትሠራው?» ብሎ ጮኸ። አባቴም እንባው እየወረደ ሳቀ፤ እኔም ከላይ ሆኜ ዓይኔን በሬንጅ እጄ አሽቼ ስጮህ፣ እናቴ ሆዷን ይዛ ደጅ ቁጭ ብላ ሳቀች። በዚያ ክረምት ሦስታችንም አንድ ላይ የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ነው። ስንደዶው አልቆ፣ ጨለማው ውስጥ አንድም የብርሃን ነጥብ ሲጠፋ፣ አባቴ ጣራውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ቀጥሎ የመጣው ዝናብ ላሜራውን ሲደበድብ አምሽቶ ወደ ውስጥ አንዲትም ጠብታ አላስገባም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ወንድሜ ተወለደ። እናቴን ያዋለደቻት ከግቢው በር አጠገብ ቅመም የምትሸጠው ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ነበረች። አራስ ነፋስ እንዳይመታት ተብሎ መስኮቶቹ በጨርቅና በጆንያ ተጠቀጠቁ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ፣ የከሰል ማንደጃ ገብቶ ከጠዋት እስከ ማታ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የሕፃኑ ውሃ ሲፈላበት ይውል ነበር። በሰባተኛው ቀን ቶፊቅ ተባለ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ቶፊቅ ግንባሩ ላይ ጠብታ ወደቀበት።

ከዚያ ወዲህ ጠብታው በየጠዋቱ ይመጣ ጀመር፤ መጀመሪያ አንድ ቦታ፣ ቀጥሎ በአጥንቱ ሁሉ ሥር ተሰልፎ፣ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ ይንጠለጠልና አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይከተለዋል። ዝናብ ባልጣለበት ቀንም ይንጠባጠብ ነበር፤ ይሄ ሊገርመን ሲገባ ከጭንቀት ብዛት ልብ አላልነውም። አባቴ በየቀኑ ወደ ጣራው ይሰደኝ ነበር። በጭቃ እግሬ እየተንሸራተትኩ፣ ዝናብ እየወረደብኝ፣ የደረቀውን ሬንጅ በጣቴ እየዳሰስኩ ብፈልግ ቀዳዳ የለም። ወርጄ «አባ፣ የለም» እለዋለሁ። «ውሃ ካለ ቀዳዳ አለ! ዓይንህን ከፍተህ እይ!» ይለኛል። እንደገና እወጣለሁ። ጨለማ አድርጎ እሱም ይፈልጋል፤ ስንደዶውን በእጁ ይዞ አንገቱን አንጋጦ ይቆማል፣ የሚሰካበት ያጣል። ቀዳዳ በሌለበት ሁሉ ሬንጅ ደራርበን ጣራው በሬንጅ ብዛት ከበደ።

በአባቴ አገር ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ ጣራ ሲረጥብ እሳት ጨምር ይባላል። የሣር ቤት ከውስጥ እሳት ሲነድበት ጣራው ይደርቃል፣ ጭሱ ሣሩን ያጠነክረዋል፣ ተባይም አይበላውም። አባቴ ይህን ከአባቱ የሰማው ነው፤ ስለዚህ ጠብታው በበዛ ቁጥር ከሰል ይጨምር ነበር። ከሰል በጨመረ ቁጥር ጠብታው ይብስ ነበር። ይህን ያየ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላየሁትም።

ነሐሴ ሲገባ ቶፊቅ ሳል ጀመረው። ደረቱ ሲር ሲር ማለት ሲጀምር እናቴ አላለቀሰችም፤ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ልጁን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጠብታው እሱን እንዳያገኘው ጎንበስ ብላ፣ ውሃውን በማጅራቷ እየተቀበለች ትውል ነበር። ከእኔ ጋር መነጋገር ተወች። አባቴ ከገበያ ሲመጣ አንገቷ ላይ የሚወርደውን ውሃ ያይና ወጥቶ ግቢው መሃል ዝናብ ላይ ይቆም ነበር። አንድ ቀን ቀና ሳትል፣ በእኔ ስም ጠርታው፣ «የከድር አባት፣ ይሄንንም ልትቀብረው ነው?» አለችው። ጮክ ብላ አይደለም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

አባቴ ያን ቀን ዓይኑን ጣራው ላይ አንከራትቶ አንከራትቶ በመጨረሻ ያቺ መዝጊያ ላይ አሳረፈው። በዙሪያዋ ውሃ ተንጠልጥሏል።

«እሷ ናት» አለ። «ነፋሱም ዝናቡም የሚገባው በእሷ ነው። ውጣና ድፈናት።»

«አባ፣ ጋሽ ተካ አትንኩ ብሎ የለ?»

አባቴ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፤ ይልቅ እንደ ታመመ ሰው በቀስታ፣ «ተካ ሁለት ልጅ ቀብሯል?» አለኝ።

ቆርቆሮ ቆርጬ፣ ጆንያ ነክሬ፣ ወጥቼ ደፈንኳት። በደንብ ነው የደፈንኳት። ጫፍ ጫፉን በአውራ ጣቴ እያለሰለስኩ፣ የሠራሁትን ወደ ኋላ ብዬ እያየሁ፣ ከጣራው ሥራ ሁሉ ያማረው ይሄ ነው ብዬ ኮርቼ ወረድኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥል ነበር። አባቴ በረንዳው ውስጥ ሥራ ላይ ነው፤ እኔ ከቦኖ ውሃ ቀድቼ ስመለስ የበሩን ብርድ ልብስ ገልጬ ገባሁ። ጭስ አልነበረም። ከሰሉ ቀይ ሆኖ፣ አምሮ፣ ዝም ብሎ ይነድዳል። ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ጆሮዬ ጭው አለ። እናቴ በጎኗ ተጋድማለች፣ አፏ ክፍት ነው፣ ፊቷ እንደ ደህና ሰው ቀልቷል። «እማ» አልኳት። ነቀነቅኳት። እጇ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተመልሶ ወደቀ። ቶፊቅ ክንዷ ላይ ነው፤ ሲር ሲር የሚለው ደረቱ ዝም ብሏል።

አነሳሁት። በሩ ድረስ ደረስኩና እዚያ ቆምኩ። ይሄ ነው የማይረሳኝ፣ መቆሜ ነው። ደጅ ዝናብ ነው፤ አባቴ ወላሂ ብሏል፤ ልጁን ጠብታ እንዳይነካው ብለን ነው ክረምቱን ሙሉ የሠራነው። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ትንፋሼ አጥሮኝ ልወድቅ ስል ነው የወጣሁት። የምጠለልበት አልፈለግኩም፤ ግቢው መሃል ጭቃው ላይ ተንበረከክኩና ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ያዝኩት። ዝናቡ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ከንፈሩን መታው። ምንም አላለም። መታው። ከዚያ እንደ ውሃ የገባበት ሰው ትን አለውና፣ ፊቱን አጨማዶ፣ ጮኸ።

እኔም ጮህኩ። እትዬ ሙሉ ቅመሟን ትታ ሮጠች፤ ኩሊዎቹ እናቴን በብርድ ልብሱ ይዘው አውጥተው ከእትዬ ሙሉ ደጅ አስተኟት። ብዙ ቆይታ አስመለሳትና ዓይኗን ገለጠች። አባቴ ሰው ጠርቶት እየሮጠ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው፤ የሃያ ቀን ልጅ ዝናብ ላይ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። እጁን አነሳ። «በዝናብ!» አለ።

«ተው ሁሴን!» አለች እትዬ ሙሉ። «ዝናቡ ነው የመለሰው።»

እጁ አየር ላይ ቀረ።

አንዱ ኩሊ ሮጦ ጋሽ ተካን ጠርቶት መጣ። ጋሽ ተካ ውስጥ ገብቶ፣ ከሰሉን አውጥቶ ጭቃው ላይ ደፍቶ፣ ጣራው ላይ የተንጠለጠለውን ውሃ በጣቱ ጠረገና ቀመሰው። «ይሄ ዝናብ አይደለም» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ሲያወራ ሰማሁት። «ዝናብ ቢሆን ሬንጅ ሬንጅ ይል ነበር። ይሄ የድስታችሁ እንፋሎትና የራሳችሁ ትንፋሽ ነው፤ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውሃ ይሆናል። የከሰሉም መርዝ መውጫ አጥቶ ነው እነሱው ላይ የተመለሰው።» ከዚያ ወደ ላይ ቀና አለ። «ይቺን አፍንጫውን ማን ደፈናት?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሬንጁ እስከዚያን ቀን ከአውራ ጣቴ ጥፍር ሥር አልወጣም ነበር። አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝና «እኔ» አለ። «እኔ ነኝ፣ ተካ። ነግረኸኝ ነበር።»

ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር። እናቴና ልጁ ያን ቀን እትዬ ሙሉ ዘንድ ቀሩ፤ አባቴ ሊያያት ሲገባ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቶፊቅ ዛሬ ከእኔ በላይ ሸብቷል፤ የልጅ ልጅ አለው። ያ ግቢ ፎቅ ሆኗል፤ በዚያ ሳልፍ ቦዲው የቆመበትን ቦታ መለየት ያቅተኛል። አሁን የምኖርበት ቤት ጣራ የሚባል ነገር የለውም፤ የኔ ጣራ የሌላ ሰው ወለል ነው፣ ሲያፈስ ኮሚቴ ይጠራል፣ ሠራተኛ ይመጣል፣ እኔ የማዝዘው የለም። ልጆቼ ምን ጎደለህ ይሉኛል። ምንም አልጎደለኝም። ያኔ ግን የምንወደውን ሰው የምናድነው በእጃችን ነበር፤ የምንገድለውም በዚያው እጃችን ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም ከእጄ ወጥቷል፣ እንቅልፌም ከድሮው ይሻላል። ይሻላል ማለቴ ግን ደስ ይለኛል ማለቴ አይደለም።

በዚያ ክረምት ግን፣ ያ ሁሉ በሆነ ማግስት ጠዋት፣ ዝናቡ ገና እያካፋ፣ ማንም ሳያዘኝ መሮና መዶሻ ይዤ ጣራው ላይ ወጣሁ። ሬንጁ በብርዱ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ስመታው ተንሸራተተ፣ እጄን ላጠው፣ እንደገና መታሁ፤ ጆንያውን በጥፍሬ እየቦጨቅኩ፣ ቆርቆሮውን በመሮ እየፈነቀልኩ ቆይቼ በመጨረሻ ተነቀለ። መዝጊያዋን ወደ ላይ ስቤ ቁልቁል ሳይ አባቴ ከሥር ብቻውን ቆሟል። የአባቴን አናት ከላይ አይቼው አላውቅም ነበር፤ መሃሉ ሳስቷል። ቀና ሲል ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርድ ጀመር።

«አባ፣ ዝናቡ እየገባ ነው» አልኩት።

ዓይኑን ሳይጨፍን አየኝ። «ይግባ» አለኝ።

ቆርቆሮውን ግቢው ጥግ ድረስ ወርውሬ ወረድኩ።